የቡናችን ዋጋ በማን እጅ ነው?

ደሀ አገሮች ከኃያሉ ገዢ ጋር እንዴት እንደተደራደሩ የሚያስረዳ ጽሑፍ



ዓመቱን ሙሉ ደክማችሁ ቡናውን ትለቅማላችሁ። ታደርቃላችሁ። በጆንያ ሞልታችሁ ገበያ ትወርዳላችሁ። ነጋዴው ሚዛኑን ያነሣና «ዘንድሮ ዋጋ ወርዷል» ይላችኋል። «ለምን ወረደ?» ስትሉት «የውጭ ገበያ ነው» ይላል። ከዚያ በላይ ብትጠይቁት እሱም አያውቀውም።

ለመሆኑ ይህ የውጭ ገበያ የሚባለው ነገር ምንድን ነው? እንደ በረዶ ከሰማይ የሚወርድ ነው? እንደ አንበጣ ነፋስ የሚያመጣው ነው? አይደለም። ውርጭና ድርቅ ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ዋጋ ሰዎች ተቀምጠው የሚነጋገሩበት፣ የሚስማሙበትና የሚጣሉበት ጉዳይም ነው። ሰው የሠራውን ነገር ደግሞ ሰው ተምሮ ሊያውቀው ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ ቡና የሚያመርቱ ደሀ አገሮች ከትልቋ ገዢ ከአሜሪካ ጋር እንዴት እንደተደራደሩ እናያለን። ቡና በማይበቅልበት አገር የምትኖሩም አንብቡት። ሰሊጥም ሆነ ቆዳ ወደ ውጭ ሲሸጥ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

1. የኢኮኖሚ ዲፕሎማሲ ማለት ምን ማለት ነው?

ሁለት መንደሮች በአንድ ወንዝ ውሃ ተጣሉ እንበል። በዱላ ሊጨርሱት ይችላሉ። ወይም ሽማግሌ አስቀምጠው «ሰኞና ማክሰኞ እናንተ አጠጡ፣ ረቡዕና ሐሙስ እኛ» ብለው ተራ ሊያወጡ ይችላሉ። መንግሥታትም እንደዚሁ ናቸው። ጉዳያቸውን በጦር ሳይሆን በንግግርና በውል ሲጨርሱ ዲፕሎማሲ ይባላል። የሚነጋገሩበት ጉዳይ ንግድ፣ ዋጋ፣ ቀረጥና ብድር ሲሆን ደግሞ የኢኮኖሚ ዲፕሎማሲ ይባላል።

ታዲያ ተነጋጋሪዎቹ እኩል ካልሆኑስ? በአንድ ገበያ ሃምሳ ሻጭና አንድ ትልቅ ገዢ አለ እንበል። ሻጩ ጨው መግዛት አለበት። ቀኑ መሽቶበታል። ጆንያውን ተሸክሞ ዳገቱን መመለስ አይችልም። ገዢው ግን ኪሱ ሙሉ ነው። ዛሬ ባይገዛ ነገ ይገዛል። ሻጮቹ ተራ በተራ እየሄዱ «እኔ በርካሽ ልስጥህ» ሲሉት ዋጋው ይወድቃል። የዓለም ቡና ገበያ ለረጅም ዘመን ይህን ይመስል ነበር። ሻጮቹ ብራዚል፣ ኮሎምቢያ፣ ኢትዮጵያ፣ ኡጋንዳ፣ ጓቲማላና ሌሎችም ናቸው። ትልቋ ገዢ አሜሪካ ነበረች። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በዓለም ገበያ ከሚሸጠው ቡና ግማሽ ያህሉን የምትገዛው እሷ ነበረች።

2. ብራዚል ለብቻዋ ስትታገል

ከሁሉም ሻጮች ትልቋ ብራዚል ናት። በ1920ዎቹ የዓለም ንግድ ተንኮታኩቶ ቡና የሚገዛ ጠፋ። ብራዚል «ቡናውን ካሳነስኩት ዋጋው ይነሣል» ብላ አሰበች። ከ1923 እስከ 1936 ድረስ 78 ሚሊዮን ጆንያ ቡና አቃጠለች፣ ባሕር ውስጥም ጣለች። አንዱ ጆንያ 60 ኪሎ ነው። እስቲ አስሉት፤ 46 ሚሊዮን 800 ሺ ኩንታል ይመጣል። ይህ ሁሉ ሰው የለቀመው፣ ሰው ያደረቀው ቡና ነው።

ውጤቱስ ምን ሆነ? ብራዚል ስታቃጥል ኮሎምቢያና ሌሎቹ የበለጠ ተከሉ። ብራዚል ባጎደለችው ቦታ እነሱ ሸጡ። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው» ይላሉ። ብራዚል ሃምሳውን ሎሚ ለብቻዋ ተሸከመችው። አንድ ሻጭ ምንም ትልቅ ቢሆን ብቻውን ዋጋ መያዝ እንደማይችል ሁሉም ከዚህ አዩ።

3. ኃያሉም የሚቸገርበት ቀን አለ

በ1932 የአውሮፓ ገበያ በጦርነት ተዘጋ። ጀርመን ብዙ አገሮችን ወረረች። የደቡብና የመካከለኛው አሜሪካ ቡና አምራቾች ከዩናይትድ ስቴትስ በስተቀር የሚገዛቸው አጡ። ይህ ለገዢዋ ቡናውን እንደልቧ በርካሽ የመግዛት ዕድል አልነበረም ወይ? ነበር። ግን አላደረገችውም። ለምን ቢባል፣ ጎረቤቶቿ በችግር ተነሥተው ወደ ጀርመን እንዳያዘነብሉ ፈራች።

ስለዚህ በኅዳር 1933 አሜሪካና 14 ቡና አምራች አገሮች በዋሽንግተን ውል ፈረሙ። በዓመት ወደ አሜሪካ የሚገባው ቡና 15 ሚሊዮን 900 ሺ ጆንያ እንዲሆን ተወሰነ። ከዚህ ውስጥ የብራዚል ድርሻ 9 ሚሊዮን 300 ሺ ነበር። ለእያንዳንዱ አገር እንዲህ የሚሰጠው ድርሻ ኮታ ይባላል። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ዋጋው አንሠራራ። ጦርነቱ ሲያልቅ ግን ውሉ ላላ፤ በኋላም ቀረ።

ልብ በሉ! ኃያሉ ገዢ ወደ ድርድር የመጣው ለገበሬው አዝኖ አይደለም። የራሱ ችግር ስለነበረበት ነው። ደሀ አገሮች ያችን ቀን አውቀው ተጠቀሙባት። ችግሩ ሲያልፍ ደግሞ ውሉም አለፈ። ይህ ነገር ወደፊትም ይመጣልና አትርሱት።

4. ትልቁ የቡና ውል

በ1945 ክረምት ብራዚልን ውርጭ መታት። ዋጋው ናረ። በአሜሪካ ቡና ጠጪው አጉረመረመ፤ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት እንኳ «ማን ነው ዋጋውን ያስወደደው?» ብሎ ምርመራ ጀመረ። ከፍ ያለውን ዋጋ አይቶ በየአገሩ ሁሉም ተከለ። ቡና ተተክሎ እስኪያፈራ ጥቂት ዓመት ይፈጃል። የተተከለው ሁሉ አፍርቶ በአንድ ላይ ገበያ ሲገባ ዋጋው ተንኮታኮተ።

አምራቾቹ ከ1950 ጀምሮ እርስ በርሳቸው «ጥቂት ጥቂት እንሽጥ» ብለው ተዋዋሉ። ግን ውሉ አልጸናም። ቀን ተስማምቶ ማታ በጓሮ የሚሸጥ አልጠፋም። የሚቆጣጠር ዳኛ አልነበረም።

አሁንም ኃያሉ የሚፈራው ነገር መጣ። በ1951 በኩባ አብዮት ተካሄደ። አሜሪካ «የቡና ዋጋ እንደዚህ ከወደቀ ሌሎቹም የኩባን መንገድ ይከተላሉ» ብላ ሠጋች። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በመጋቢት 1953 ለላቲን አሜሪካ አገሮች የልማት ዕቅድ ሲያውጁ፣ ስለ ቡናና ስለመሳሰሉት ዋጋ አብሮ ተነሣ። አምራቾቹም ይህን አጋጣሚ ያዙ። በኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ተደረገና በመስከረም 1955 ዓለም አቀፍ የቡና ውል ለፊርማ ቀረበ። ኢትዮጵያም ከፈራሚዎቹ አንዷ ነበረች። ጽሕፈት ቤቱ ለንደን ላይ ተቋቋመ።

ውሉ እንዴት ይሠራ ነበር? ነገሩ ቀላል ነው።

ሀ/ ለእያንዳንዱ ሻጭ አገር ኮታ ይሰጠዋል።
ለ/ ዋጋ ሲወርድ የሁሉም ኮታ ይቀነሳል። ገበያው ላይ ያለው ቡና ሲያንስ ዋጋው ይነሣል።
ሐ/ ዋጋ በጣም ሲወጣ ኮታው ይጨመራል፤ ወይም ጭራሽ ይነሣል።
መ/ እያንዳንዱ ጭነት ከየት እንደመጣ የሚገልጽ የምሥክር ወረቀት ይይዛል። ወረቀት የሌለውን የገዢዎቹ አገር ጉምሩክ አያስገባም።

ቁልፉ ያለው በመጨረሻው ነጥብ ላይ ነው። ሻጮቹ ለብቻቸው ሲዋዋሉ ያጡት ዳኛ አሁን ተገኘ። ዳኛውም የትልቁ ገዢ ጉምሩክ ሆነ። አሜሪካ በር ላይ ቆማ የደሀ አገሮችን ውል ጠበቀችላቸው። ለጉምሩኳ ይህን ሥልጣን የሚሰጠው ሕግ ግን ወዲያው አልወጣም። ምክር ቤቷ ሲያመነታ ቆይቶ በ1957 ነው ያጸደቀው።

5. በስብሰባው ላይ ድምፁ የማን ነበር?

በማኅበራችሁ ስብሰባ አንድ ሰው አንድ ድምፅ አለው። በቡናው ጉባኤ ግን እንደዚያ አልነበረም። ለሻጮች ሁሉ በጠቅላላው 1,000 ድምፅ፣ ለገዢዎች ሁሉ በጠቅላላው 1,000 ድምፅ ተሰጠ። ብዙ የሚሸጥና ብዙ የሚገዛ ብዙ ድምፅ ያገኛል። ሆኖም ማንም ከ400 በላይ አይኖረውም። አሜሪካ 400ውን ያዘች። ትልልቅ ጉዳዮች የሚያልፉት ከሁለቱም ወገን ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ ሲስማማ ነው።

ይህ ምን ማለት ነው? ከሲሶ በላይ ድምፅ የያዘ ብቻውን ነገሩን ማገድ ይችላል። አሜሪካ ከገዢዎች ወገን ከሲሶ በላይ ነበራት። እሷ እምቢ ካለች ምንም አያልፍም። ነገር ግን በመጀመሪያው ውል ብራዚልም ከሻጮች ወገን ከሲሶ በላይ ነበራት። እሷም እምቢ ማለት ትችላለች። ስለዚህ ትልቁ ገዢና ትልቁ ሻጭ ተያዩ። ትንንሾቹ አገሮች ደግሞ በብራዚል ጥላ ሥር ቆመው ለብቻቸው ቢሆኑ የማያገኙትን አገኙ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው ይህ ነው። ጥላው ግን የራሳቸው አልነበረም።

6. ቡናን ፈጭቶ መሸጥ ያስነሣው ጠብ

ብራዚል በ1950ዎቹ ውስጥ አንድ ብልሃት አሰበች። «ጥሬውን ቡና ብቻ ለምን እሸጣለሁ? ራሴ ፋብሪካ አቁሜ በሙቅ ውሃ የሚሟሟ ቡና አድርጌ ብሸጠው ትርፉ ለእኔ ይቀራል» አለች። ለዚህም የተሰባበረውንና ለውጭ የማይሸጠውን ርካሽ ቡና ተጠቀመች። ሥራው ተሳካ። ዕቃው በአሜሪካ ገበያ ተወደደ።

ያኔ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ጮኹ። «እኛ ጥሬውን የምንገዛው ቀረጥ ተከፍሎበት ነው፤ የብራዚል ፋብሪካ ግን ቀረጥ ሳይከፍል ያገኘዋል፤ ይህ አድልዎ ነው» አሉ። የአሜሪካ መንግሥትም ከጎናቸው ቆመ። የቡናው ውል በ1960 ሲታደስ ለዚሁ ጉዳይ ተብሎ አንቀጽ 44 ገባበት። ብራዚል በ1961 በሚሟሟው ቡናዋ ላይ በፓውንድ 13 የዶላር ሳንቲም ቀረጥ ለመጣል ተገደደች። አሜሪካ ይህ አልበቃትም። ክርክሩ የቆመው በ1963 ነው። ብራዚል 560 ሺ ጆንያ ጥሬ ቡና ያለ ቀረጥ ለአሜሪካ ፋብሪካዎች ለመስጠት ተስማማች።

እንግዲህ እዩት። ጥሬ ቡና ይዘህ ስትመጣ ወዳጅ ትባላለህ። ፈጭተህ፣ አጣርተህ፣ አሽገህ ስትመጣ ባላጋራ ትሆናለህ። ብራዚል ግን ጫና በዛብኝ ብላ ፋብሪካዋን አልዘጋችም። ከፈለች፣ ተከራከረች፣ ሥራዋን ቀጠለች። ዛሬም የሚሟሟ ቡና በብዛት ወደ ውጭ ከሚልኩት አገሮች አንዷ ናት።

7. ውሉ እንዴት ፈረሰ?

የዓለም የቡና ዋጋ የሚነገረው በፓውንድ ነው። እኛ ግን በፈረሱላ እናስላው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ቀጥሎ ያለው ዋጋ በዓለም ገበያ የንጹሕ ቡና ዋጋ ነው።

በ1965 ኮታው ተቋረጠ። በሐምሌ 1967 በብራዚል ከባድ ውርጭ ወረደና በሚያዝያ 1969 ፈረሱላው ከ112 ዶላር በላይ ደረሰ። ዋጋው ተመልሶ ሲወርድ ኮታው በመስከረም 1973 እንደገና ተጀመረ። የታሰበው ዋጋ ለፈረሱላ ከ45 እስከ 52 ዶላር ነበር።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ግን ነገሩ ተበላሸ። አሜሪካ ሁለት ቅሬታ አነሣች። አንደኛ፣ «ሻጮቹ ከኮታ የተረፋቸውን ቡና በውሉ ለሌሉት እንደ ሶቭየት ኅብረት ላሉ አገሮች በርካሽ ይሸጣሉ፤ እኛ ግን በውድ እንገዛለን» አለች። ሁለተኛ፣ ጠጪዋ የለመደውን የመካከለኛው አሜሪካ ቡና በብዛት ፈለገች። ለዚያ የብራዚል ኮታ መቀነስ ነበረበት። ብራዚል «ከድርሻዬ አልነካም» አለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ አሜሪካን ወደ ውሉ ያስገባት የድሮው ፍርሃት ቀዝቅዞ ነበር። ከሶቭየት ኅብረት ጋር የነበረው ፉክክር እየበረደ ሄደ። የፈራ ይለምናል፤ ያልፈራ ግን ምን ያስጨንቀዋል?

ሰኔ 27 ቀን 1981 ኮታው ቆመ። እስከ ዛሬም አልተመለሰም። በጥቂት ወራት ውስጥ ዋጋው በግማሽ ያህል ወረደ። በ1984 ፈረሱላው 20 ዶላር ገደማ ሆነ። አሜሪካ ኮታው ከቆመ ከአራት ዓመት በኋላ ከለንደኑ ድርጅት ወጣች፤ በ1997 ተመልሳ ገባች፤ በ2010 ደግሞ እንደገና ወጣች። አምራቾቹ ለብቻቸው ማኅበር አቋቁመው ቡና ሊይዙ ሞከሩ። ያም አልጸናም፤ በ1994 ማኅበሩ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ፈረሱላው 17 ዶላር ገደማ ወርዶ ነበር።

ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው። ብራዚልና አሜሪካ ሲጣሉ በእኛ አገርም፣ በኡጋንዳም፣ በጓቲማላም ገበሬው ተጎዳ።

8. ሌላ ገዢ የፈለጉ አገሮች

በአንድ ገዢ ላይ ብቻ መንጠልጠል አደጋ ነው። ይህን ያወቁ አገሮች ሌላ ገዢ ፈለጉ። ኢትዮጵያ በ1969 ያኔ ከነበረችው ምሥራቅ ጀርመን ጋር ተዋዋለች። ቡና ሰጥታ የጦር መሣሪያና የጭነት መኪና ተቀበለች። ነገር ግን በመሣሪያ ነዳጅ አይገዛም፤ መድኃኒትም አይገዛም። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ኢትዮጵያ «ጥሬ ገንዘብ እፈልጋለሁ» አለችና ልውውጡ ቆመ።

ምሥራቅ ጀርመንም ፊቷን ወደ ቬትናም አዞረች። በ1972 ገደማ ተዋውላ የቡና እርሻ ለማስፋፋት ገንዘብና መሣሪያ ሰጠች። ቡናው አፍርቶ ሳይደርስላት ምሥራቅ ጀርመን ራሷ ፈረሰች። ቡናው ግን ለቬትናም ቀረላት። ቬትናም ይህን አስፋፋች። ለረጅም ዓመት ከተዋጋቻት ከአሜሪካ ጋርም በሐምሌ 1987 ግንኙነቷን አደሰች፤ በሐምሌ 1992 የንግድ ውል ተፈራረመች። ዛሬ ከብራዚል ቀጥሎ የዓለም ሁለተኛዋ ቡና አምራች ናት። ቂሟን ይዛ ብትቀመጥ ይህን ሁሉ አታገኝም ነበር። እነሆ፣ ዲፕሎማሲ ማለት የወዳጅነት መዝሙር አይደለም። ጥቅምን አስልቶ ከጠላት ጋርም መነጋገር ነው።

9. ስማችንን ያስከበርንበት ክርክር

ኮሎምቢያ ሌላ መንገድ ያዘች። ገበሬዎቿ በ1919 አገር አቀፍ ማኅበር አቋቋሙ። በ1933 ደግሞ የቡና ገንዘብ ማጠራቀሚያ ተመሠረተ። ዋጋ ደህና ሲሆን ያጠራቅማሉ፤ ዋጋ ሲወድቅ ገበሬውን ይደግፋሉ። በ1952 ማኅበሩ ሁዋን ቫልዴዝ የሚባል፣ በቅሎ የሚጎትት ገበሬ ሥዕል ሠርቶ በአሜሪካ አስተዋወቀ። አሜሪካዊው ጠጪ «የኮሎምቢያ ቡና ስጡኝ» ማለት ለመደ። ውል ይፈርሳል። በጠጪው አፍ የገባ ስም ግን በቀላሉ አይወጣም።

ኢትዮጵያም ይህን አሰበች። ይርጋ ጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚባሉት ስሞች በውጭ አገር ሱቅ ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ። ስሙ የእኛ ነው፤ ትርፉ ግን የሌላ። ስለዚህ በመጋቢት 1997 መንግሥታችን ሦስቱን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ስታርባክስ የሚባለው ትልቅ የቡና ኩባንያም መጀመሪያ ላይ «ሌላ መንገድ ይሻላል» ብሎ አልተስማማም።

ኢትዮጵያ ከኃያሉ አገር ኩባንያ ጋር በገንዘብ አትወዳደርም። ነገር ግን የአሜሪካን ሕግ በአሜሪካ ቢሮ ተጠቀመች። ኦክስፋም የሚባለው ድርጅት ነገሩን ለቡና ጠጪው ሕዝብ ነገረ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለኩባንያው ደብዳቤ ጻፉ። በሰኔ 1999 ስታርባክስ የሦስቱን ስሞች ባለቤትነት አክብሮ ከኢትዮጵያ ጋር ተፈራረመ። በዚህ ድል ውስጥ ጥይት አልተተኮሰም። የሠራው ወረቀት፣ ዕውቀትና የሰው ድምፅ ነው።

ይህ ማለት ችግሩ አለቀ ማለት አይደለም። የኒው ዮርክ ዋጋ ሲወድቅ ስም ብቻውን አያድንም። ቢሆንም ስም የሌለው ቡና «ቡና» ብቻ ነው። ስም ያለው ግን ሲጠፋ የሚናፍቁት ነው።

10. በቅርቡ ምን ሆነ?

በሐምሌ 2017 መጨረሻ አሜሪካ ቡናን ጨምሮ በብዙ የብራዚል ዕቃዎች ላይ ያለውን ቀረጥ እስከ 50 ከመቶ አደረሰች። ብራዚል አልተንበረከከችም፤ በሯንም አልዘጋችም። ድርድሩን ቀጠለች፤ ቡናዋንም ለሌሎች ገዢዎች ሸጠች። በአሜሪካ ሱቅ ደግሞ ቡና ተወደደ፤ ጠጪው አጉረመረመ። በኅዳር 2018 አሜሪካ በቡናው ላይ የጣለችውን ቀረጥ አነሣች። ለምን? አሜሪካ በገዛ ምድሯ ቡና የምታበቅለው እጅግ ጥቂት ነው። ኃያል ብትሆንም ለጠዋት ቡናዋ የኛንና የመሰሎቻችንን እጅ ታያለች። ሻጭ ገዢን እንደሚፈልግ፣ ገዢም ሻጭን ይፈልጋል።

11. ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፦ ኃያል አገር የሚሰጠው ለራሱ ጥቅም ሲል ነው። በሰጠ ጊዜ መቀበል ብልህነት ነው። ለዘለዓለም የሚቆይ መስሎን መተኛት ግን ሞኝነት ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ።

ሁለተኛ፦ መተባበር ኃይል ነው። ግን ኅብረት ያለ ቁጥጥር አይጸናም። በጓሮ የሚሸጥ አንድ ሰው የሃምሳውን ድካም ያፈርሳል።

ሦስተኛ፦ አንድ ገዢ ብቻ ያለው ሰው ገዢ የለውም ማለት ይቻላል። ብዙ በር ይኑረን። እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ አንድ ትልቅ በር አለን። ከምናመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን ራሳችን እንጠጣዋለን። ይህን ያህል የሚጠጣ ቡና አምራች አገር ብዙ የለም።

አራተኛ፦ የማይፈርሰው ሀብት በእጃችን ያለው ነው። ይህም የቡናው ጥራት፣ ስሙ፣ ራስን ችሎ ማዘጋጀትና ዕውቀት ነው። ቀይ እሸቱን ከአረንጓዴው ሳትቀላቅሉ ስትለቅሙ የአገርን ስም ትጠብቃላችሁ። ለመሸጥ ብሎ ጠጠር የሚቀላቅል ሰው ግን በስታርባክስ ፊት የተገኘውን ድል በገዛ እጁ ይሸጠዋል።

አምስተኛ፦ በውጭ የተገኘ ድል እስከ ገበሬው ደጃፍ መድረስ አለበት። በውሉ ዘመን በብዙ አገሮች የዓለም ዋጋ ከፍ ሲል ልዩነቱን የወሰዱት ቀረጥና የመንግሥት ድርጅት ናቸው። በእኛም አገር በ1970ዎቹ ገበሬው ቡናውን በተወሰነ ዝቅተኛ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ ድርድር ለንደንና ዋሽንግተን ላይ ብቻ አያበቃም። በገበያችሁም፣ በማኅበራችሁም፣ በሚዛኑም ፊት አለ።

ውድ አንባቢያን! አሁን ፊደል ቆጥራችኋል። ቁጥርም ታነባላችሁ። እንግዲህ ሚዛኑ ስንት እንደሚል ራሳችሁ አንብቡ። የሽያጭ ደረሰኙን ሳታነቡ አትፈርሙ። የዓለም ዋጋ ዛሬ ስንት እንደሆነ በሬዲዮ ስሙ፣ በማኅበሩ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ በሉ። «የውጭ ገበያ ነው» ሲሏችሁ «ስንት ገባ? ከዚያ ውስጥ ለእኛ የደረሰው ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ የድርድር መጀመሪያ ነው።

የከባድ ቃላት ፍቺ

ዲፕሎማሲ፦ መንግሥታት ጉዳያቸውን በንግግርና በውል የሚጨርሱበት መንገድ።
ኮታ፦ ለእያንዳንዱ ተወስኖ የሚሰጥ ድርሻ።
ቀረጥ፦ ዕቃ ሲገባ ወይም ሲወጣ መንግሥት የሚያስከፍለው ገንዘብ።
የንግድ ምልክት፦ ሌላው ሰው ያለ ፈቃድ እንዳይጠቀምበት በሕግ የተመዘገበ የዕቃ ስም ወይም ሥዕል።
ፓውንድ፦ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ያነሰ የሚዛን መለኪያ።

የመወያያ ጥያቄዎች

በማኅበራችሁ ተሰብስባችሁ አንዱ ያንብብ፤ ሌላው ያዳምጥ። ከዚያ ተወያዩ።

1. ብራዚል ቡናዋን ስታቃጥል የተጠቀመው ማን ነው? ለምን?
2. አሜሪካ ወደ ቡናው ውል የገባችው ለምንድን ነው? የወጣችውስ?
3. በማኅበራችሁ ተስማምቶ በጓሮ የሚሸጥ አለ? ምን ብታደርጉ ይሻላል?
4. የአካባቢያችሁ ምርት በምን ስም ይታወቃል? ስሙን የሚያስከብረውና የሚያበላሸው ምንድን ነው?
5. አንድ ፈረሱላ ቡና በዓለም ገበያ 45 ዶላር ቢሆን፣ 20 ፈረሱላ ስንት ዶላር ይሆናል? 17 ዶላር ሲሆንስ? ልዩነቱን በሰሌዳ ላይ አስሉት።